የመስከረምና የጥቅምት ግብዣ በቤት፦ ቀኑን፣ ማዕዱንና ጨዋታውን አነጻጽሮ መምረጥ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈንና የበቆሎ ጥብስ ሽታ ከየመንገዱ ዳር መምጣት ሲጀምር፣ ዘመድና ጎረቤት ጠርቶ ልጆች የሚቦርቁበት፣ ዐዋቂዎች የሚጨዋወቱበት አንድ ቀን ማሰናዳት የማይመኝ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ለዚህ የሚሆን ነገር በቤትም በገበያም ሞልቷል፤ እሸቱ፣ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ከቆርኪና ከካርቶን የሚሠራው ጨዋታ ሁሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጋባዡን የሚያስቸግረው የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያጣምር ማወቁ ነው። እኔ ራሴ አንድ መስቀል ላይ ይህን ሳላስብበት ቀርቼ፣ ክትፎው ለብለብ ተደርጎ በቀረበበት ሰዓት ግማሹ እንግዳ ግቢ ውስጥ ገመድ ጉተታ ላይ ነበር። ተጠርተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ቅቤው ረጋ፤ ገመዱን የያዙት ደግሞ ጨዋታው ስለተቋረጠባቸው አኩርፈው በሉ። ምግብና ጨዋታ የሚሻሙት አንድ እጅ መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱን አማራጭ የማመዛዝነው የእንግዳውን እጅ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ፣ የጋባዡንም እጅ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስር እያየሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀኑ

ለዚህ ዓይነቱ ግብዣ ሦስት ምቹ ጊዜዎች አሉ፤ እነርሱም እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና በጥቅምት ውስጥ የሚገኝ አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ናቸው። እንቁጣጣሽ ለልጆች የሚመረጥ ቀን ነው፤ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ ዋዜማውን የሣሉትን ፀሐይ፣ አበባና መልአክ ለጎረቤት ሲያድሉ፣ ጨዋታው ገና ከማለዳው በራሱ ተጀምሯል። ችግሩ ዝናቡ ነው። በባህረ ሐሳቡ የወቅቶች አከፋፈል ክረምት እስከ መስከረም 25 ስለሚቆይና መጸው የሚገባው መስከረም 26 ስለሆነ፣ መስከረም 1 ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ቢወርድ ማንም ሊደነቅ አይገባም። በግቢ ብቻ የሚሠራ ጨዋታ ለእንቁጣጣሽ ያሰበ ሰው ሳሎን ውስጥ የሚሠራ ሌላ ተጠባባቂ ጨዋታ ማዘጋጀት አለበት።

መስቀል በአንጻሩ የዐዋቂ በዓል ነው ማለት ይቻላል። ደመራው እንደየአካባቢው ልማድ በመስከረም 16 ምሽት ወይም በ17 ማለዳ ይለኮሳል፤ ብዙ ሰው ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ሥጋና ቅቤ ይበዛል። ስለዚህ በመስቀል ዕለት የሚደረግ ግብዣ ሰፊ ማዕድና አጭር ጨዋታ ቢኖረው ይሻላል። የጥቅምቱ ቅዳሜ ደግሞ የበዓል ግርግር የለበትም፤ መሬቱ ደርቋል፣ የገብስና የስንዴ እሸት ደርሷል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ማምሻው ግን ይበርዳል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ለእኔ ለጨዋታ የሚመረጠው ይህ ሦስተኛው ጊዜ ሲሆን፣ ቀን 7 ሰዓት ጀምሮ 11 ሰዓት ላይ የሚያበቃ ግብዣ ብርዱንም ያመልጣል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ሰዎች ስላሉ ግን እንግዶችን ቀደም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ጾም ከተነሣ፣ ብዙ ጋባዥ የሚሳሳትበትን ስሌት እዚህ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት፣ በዓለ ሃምሳ ካልሆነ በቀር፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ ውሎ ጾም የሚያስቀር በዓል ልደትና ጥምቀት ብቻ ነው፤ እንቁጣጣሽም መስቀልም ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋሉ ይጾማሉ። መስቀል ከእንቁጣጣሽ በ16 ቀን ስለሚርቅ የሳምንቱ ቀን ሁልጊዜ ሁለት ቀን ፈቅ ይላል። እንቁጣጣሽ ሰኞ ከዋለ መስቀል ረቡዕ ነው፤ እንቁጣጣሽ ረቡዕ ከዋለ መስቀል ዓርብ ስለሚሆን ሁለቱም የጾም ይሆናሉ። የ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሚውል የጾም ማዕድ የሚቀርብበት ሲሆን መስቀሉ እሑድ ነው፤ በ2020 ዓ.ም. ግን እንቁጣጣሽ እሑድ፣ መስቀል ማክሰኞ ስለሚውሉ ሁለቱም የፍስክ ናቸው። ሙስሊም ጎረቤቶች የሚጠሩበት ግብዣ ከሆነ ደግሞ በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ ስለማይበላ፣ ሁሉንም በአንድ ገበታ የሚያስቀምጠው የጾሙ ማዕድ ነው። በዚህ ምክንያት ቀኑ ፍስክ ሆኖ እንኳ የጾም ምግብ የሚመርጡ ጋባዦች አውቃለሁ፤ ትክክል ናቸው እላለሁ።

እሸትና ጥሬ፦ በጨዋታ መካከል የሚበላው

የመስከረም ግብዣ ልዩ ጣዕሙ ከእሸት ነው፤ ከእሸት ሁሉ ደግሞ በቆሎ ይቀድማል። የሚነሣው ጥያቄ ጥብስ ይሻላል ወይስ ቅቅል የሚለው ነው። በጣዕም ከተሄደ ጥብሱን የሚወዳደረው የለም፤ የከሰሉ ጢስ የሚሰጠውን ነገር ድስት አይሰጥም። ነገር ግን አንድ መካከለኛ የከሰል ምድጃ በአንድ ጊዜ የሚችለው አራት ወይም አምስት ራስ በቆሎ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር እየተገላበጠ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለ30 ራስ በቆሎ ቢያንስ ስድስት ዙር ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ሰዓት በላይ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሚያራግብ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ የበቆሎ ጥብስ እስከ አሥር ሰው ለሚሆን ግብዣ፣ ወይም ምድጃውን ራሱን እንደ ጨዋታ ቦታ አድርጎ ዙሪያውን ተቀምጦ ለሚያወጋ እንግዳ ተስማሚ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ቅቅሉ ይመረጣል፤ በትልቅ ድስት ከሽፋኑ አንድ ሁለት ቅጠል ተትቶለት ሲቀቀል ጣፋጭነቱን አያጣም፣ በድስቱ ውስጥ ትኩስ ሆኖም ይቆያል፣ ጋባዡንም ነጻ ያወጣዋል።

ሁለቱንም የሚያበላሸው የቆየ በቆሎ ነው። በቆሎ ከአገዳው ከተቆረጠ ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ስለሚሄድ፣ ቅዳሜ ለሚደረግ ግብዣ ሐሙስ የተገዛ በቆሎ ደርቆና ጣዕሙ ጠፍቶ ይገኛል። ሲገዙ ሽፋኑ አረንጓዴና እርጥብ፣ ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር የጠቆረ መሆኑን አይቶ፣ አንዱን ፍሬ በጥፍር ጫን ማድረግ ነው፤ ወተት መሳይ ፈሳሽ ካወጣ ደርሷል፣ ውሃ ብቻ ከሆነ አልደረሰም፣ ምንም ካላወጣ ደግሞ ለቆሎ ወይም ለንፍሮ እንጂ ለጥብስ አልፎበታል።

ለጨዋታ የሚያመቸው በቆሎ ሳይሆን ቆሎና ንፍሮ ነው። በቆሎ ሁለት እጅ ይይዛል፤ ቆሎ ግን በአንድ እጅ ይታፈሳል፣ ሌላው እጅ ገበጣውን ይዘራል። በቆሎና በንፍሮ መካከል ያለውን ልዩነት የማሳየው እንዲህ ነው፤ በቆሎ የያዘ ልጅ ተራው ሲደርስ በቆሎውን የሚያስቀምጥበት ስለሚያጣ እናቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከቆሎና ከንፍሮ ለመምረጥ የሚወስነው ዕድሜ ነው። የገብስ ቆሎ ከሱፍና ከኦቾሎኒ ጋር ተቀይጦ ለዐዋቂ ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም፣ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ጠንካራ ፍሬ ጉሮሮን ሊዘጋ ስለሚችል ኦቾሎኒም ሽምብራ ቆሎም ፈንዲሻም ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ንፍሮ ለስላሳ በመሆኑ ትንንሾቹ ባሉበት ይመረጣል፣ ለእነርሱም ፍሬውን ጨፍለቅ አድርጎ መስጠት ነው። ስንዴና ባቄላ ወይም ስንዴና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ካደረ በሚቀጥለው ጠዋት ብዙ ማገዶ ሳይፈጅ ይበስላል፤ ጥሬው ሲቀቀል ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን ሦስት ኪሎ ለሠላሳ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ንፍሮ ለቅሶ ቤት የሚቀርብ ስለሆነ ለደስታ አይሆንም የሚሉ አረጋውያን በአንዳንድ ቤት አሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚጠራ ከሆነ የባቄላ እሸት በጨው ቀቅሎ ማቅረብ ክርክሩን ያስቀራል።

በሶም መረሳት የለበትም። ጭብጦ ተደርጎ በልክ በልኩ ሲጠቀለል የሚንጠባጠብ ነገር ስለሌለው፣ ሳህንም ማንኪያም ስለማይፈልግ፣ ከምስር ሳምቡሳ ጋር ሲተያይ ለጨዋታ የተሻለ ነው። ሳምቡሳ ጣፋጭ ነው፤ ዘይቱ ግን የካርቶኑን ሰሌዳ፣ ቆርኪውን፣ የልጁንም ልብስ ያዳርሳል።

ቁጭ ተብሎ የሚበላው

ዋናው ማዕድ ጨዋታ የሚቆምበት ሰዓት ስለሆነ መመዘኛው ይለወጣል። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ብቻ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ አንዱ ዶሮ በወጉ የሚወጣው 12 ብልት በመሆኑም ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ አንድ ደርሶ ያልቃል። ለሃያ አምስት እንግዳ ሦስት ዶሮ የሚሠራ ሰው የልጆቹን ጨዋታ በመስኮት እንኳ የማየት ዕድል አይኖረውም። ጥሩ ጎኑ ግን በዋዜማው ተሠርቶ ማደሩ የማይጎዳው፣ እንዲያውም የሚያጣፍጠው መሆኑ ነው።

ክትፎ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሥራው አጭር ሲሆን ሰዓቱ ግን አይጠብቅም፤ የተከተፈው ሥጋ፣ የነጠረው ቅቤ፣ ሚጥሚጣውና ኮረሪማው የሚገናኙት እንግዳው እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ መሆን አለበት። እኔን ያሳፈረኝ ይህን አለማድረጌ ነበር። በጉራጌ ቤት ለመስቀል ክትፎው ከጎመን ክትፎ፣ ከአይብና ከቆጮ ጋር ነው የሚቀርበው፤ የጎመኑ ክትፎም እንደ ማጀቢያ የሚቆጠር ሳይሆን የራሱ ክብር ያለው ምግብ ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ ኮሶ ስለሚያመጣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች በደንብ የበሰለውን ለብቻ ማዘጋጀት የጋባዡ ግዴታ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የጾም በያይነቱ ደግሞ በጣዕም ከሁለቱ ያንሳል ብሎ የሚከራከር ቢኖርም፣ ሽሮው፣ ዱባ ወጡ፣ ጎመኑና የሱፍ ፍትፍቱ አብዛኛው ቀድሞ ተሠርቶ ስለሚቀመጥ፣ ቢቀዘቅዝም የማይበላሽ ስለሆነ፣ ሰው ሲጨምርም እንጀራና ሽሮ በመጨመር ስለሚበቃ፣ ጨዋታ የበዛበት ግብዣ ላይ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። ድፎ ዳቦ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ከተጋገረ ደግሞ ሽታው ብቻውን እንግዳውን ከጨዋታ ይጠራል፤ አንድ ኪሎ ዱቄት የወጣው ድፎ አሥር ሰው ያህል ይበቃል።

ስለ መጠጥ ብዙ የምለው የለኝም። ጠላ ቢያንስ ከሳምንት በላይ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ያ ካለፈ ብርዝ በጠዋቱ ተበጥብጦ ከሰዓት ይጠጣል፣ ለልጆችም ይሆናል። በጾም ቀን የተልባ ውሃ ከማር ጋር ጥሩ ነው።

ከቆርኪ፣ ከካርቶንና ከገመድ የሚሠሩ ጨዋታዎች

ተቀምጦ ከሚጫወቱት መካከል ገበጣና ዳማ ይወዳደራሉ። ገበጣ ለመሥራት የሚያስፈልገው 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ማስቀመጫ ብቻ ነው። ይህ ማስቀመጫ በአንድ በኩል ስድስት በሌላው አምስት ጉድጓድ ስላለው፣ ስድስት ስድስት ያላቸውን ሁለት ሁለት ረድፎች ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ከአንዱ ማስቀመጫ ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት ገበጣ ይወጣና የቀረችው አንድ ረድፍ ለተበላው ፍሬ ማጠራቀሚያ ትሆናለች። በየጉድጓዱ አራት አራት ፍሬ ሲገባ ለአንዱ ገበጣ 48 ባቄላ ያስፈልጋል። ሦስት ረድፍ ያለው፣ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ፍሬ የሚገባበት የገበጣ ዓይነትም ስላለ፣ ከዚያው ማስቀመጫ ባለ 18 ጉድጓድ ቆርጦ 54 ፍሬ መጠቀምም ይቻላል። የገበጣ ሕግ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከቤት ቤት ይለያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት የተለያዩ የገበጣ ዓይነቶችን ከየአካባቢው ሰብስበው ነበር። እንግዶቹ ከተለያየ ቦታ የመጡ ከሆነ ታዲያ መብላት የሚቻለው መቼ እንደሆነ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ጉድጓድ ስትገባ ምን እንደሚሆን ከመጀመሩ በፊት መስማማት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጨዋታው ወደ ሙግት ይለወጣል፣ አጎት ከአጎት ጋር የሚያኮርፍበት ግብዣም አይቻለሁ።

ዳማ ደግሞ በካርቶን ላይ 64 ቤት በከሰል ወይም በማርከር ተሠርቶ፣ 12 ቆርኪ በፊቱ፣ 12 በጀርባው ተደርጎ ይጀመራል። ሕጉን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ክርክር አያመጣም፤ ግን ሁለት ሰው ብቻ ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ዙሪያውን የከበቡት ምክር ሰጪዎችም ከተጫዋቾቹ ይልቅ ይጮኻሉ። ገበጣ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለአያትም ለልጅ ልጅም በእኩል ይሆናል፤ ልጆችም ሳያውቁት መቁጠር ይለማመዱበታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መሥራት የሚችል ሰው ገበጣን ይሥራ። የሚታፈስና የሚዘራ ፍሬ ባለበት ቦታ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ልክ እንደ ቆሎው ስጋት መኖሩን አለመርሳት ነው።

በግቢ ከሚደረጉት መካከል ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚና ድብብቆሽ እያንዳንዳቸው የተለየ ቦታ ይፈልጋሉ። ሰኞ ማክሰኞ ደረቅ መሬትና የጠመኔ ወይም የከሰል መስመር ብቻ ይበቃዋል፤ በኮንዶሚኒየም መተላለፊያ ላይ እንኳ ይሠራል፣ ልጆቹም ተራ ስለሚጠብቁ በመካከል ቆሎ ለመቆርጠም ጊዜ አላቸው። ሱዚ ላስቲክና ሦስት ልጆች ይፈልጋል፤ ደስታው ትልቅ ቢሆንም ሁለቱ ልጆች እንደ ምሰሶ ቆመው መቆየታቸው ትንንሾቹን ያሰለቻል። ድብብቆሽ ሰፊ ግቢ ባለበት የሚተካው የለም፤ «ኩኩሉ» ሲባል ከየጥጉ «አልነጋም» የሚለው ድምፅ ዐዋቂውንም ወደ ልጅነቱ ይመልሳል። ሆኖም ድብብቆሽ እየተጫወተ ያለ ልጅ ምግብ ቢጠራ አይመጣም፤ የተደበቀ ልጅ ነውና። ድብብቆሹ ማዕዱ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መቆም አለበት፣ ምድጃው የተቀጣጠለበትም ማዕዘን ከመደበቂያ ቦታ ውጭ እንደሆነ አስቀድሞ መነገር ይኖርበታል።

የሚያስቅ ውድድር ለሚፈልግ ሰው ሎሚ በማንኪያ፣ የጆንያ ሩጫና የወንበር ጨዋታ አሉ። በሎሚ ፈንታ እንቁላል የሚያደርጉ አሉ፤ የተቀቀለ ካልሆነ ግን ምንጣፉን አለመመኘት ነው፣ በጾም ቀንም ሎሚው ይቀላል። የጆንያ ሩጫ ደረቅ ሣር ላይ እንጂ በሲሚንቶ ላይ አይመከርም፤ ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ ይልቅ ለጥቅምቱ ቅዳሜ ነው። የወንበር ጨዋታ ዝናብ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ ሊደረግ የሚችል ብቸኛው የሩጫ ጨዋታ ስለሆነ፣ ከላይ ያልኩት ተጠባባቂ እርሱ ይሁን።

ለእንቁጣጣሽ ብቻ የሚሆን፣ የማይጠገብ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ሥዕሉ ነው። የታተመ ካርድ ገዝቶ ማደልና ልጆቹን ዋዜማ ምሽት ወረቀትና ቀለም ሰጥቶ ማሣል ሲነጻጸሩ፣ የመጀመሪያው ሥራ ያቀላል፤ የኋለኛው ግን ወላጆች ዳቦ ሲያቦኩ ልጆቹን ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ቦታ ይይዛቸዋል። ለጋባዡ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

እጅን ጨርሶ የማይፈልግ ጨዋታ እንቆቅልሽ ነው። ስለዚህ ከምግብ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ይደረጋል። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪወርዱ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚሆን፣ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» እየተባባሉ በሁለት ጎራ መጫወት ይቻላል። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ማን ነው ሲባል ወንዝ መሆኑን ያላወቀው ወገን አገር ይሰጣል፤ አገር የተቀበለውም ዐይኑን ጨፍኖ ሄጄ ያየሁት ብሎ በቀልድ የሚያወርደው ስድብ ከመልሱ ይልቅ ያስቃል። ተረት ከእንቆቅልሽ ጋር ሲነጻጸር አንድ ጥሩ ተራኪ ይፈልጋል፤ እርሱ ከሌለ እንቆቅልሹ ይሻላል።

እሳቱ፣ ቤቱና ውጭ አገር ያለው ጋባዥ

በመስቀል ሰሞን ልጆች ችቦ ካልያዙ ጨዋታው አልተጀመረም። ግቢ ላለው ቤት ትንሽ ደመራና ለየልጁ አጭር ችቦ ይቻላል፤ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገቡ፣ አንድ ዐዋቂ ለአራት ልጅ፣ የነጠላው ዘርፍ ደግሞ እንዳይንጠለጠል ወገብ ላይ አደግድጎ መታሰር አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው በረንዳ ላይ የሚለኮስ ነገር አማራጭ ውስጥ አይገባም፤ ወደ ሰፈሩ ደመራ አብሮ ሄዶ ሲመለሱ ቤት ያለውን ማዕድ መቁረስ ይሻለዋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ በዓሉን ወደሚቀርበው ቅዳሜ ወይም እሑድ ስለሚያዛውሩት የጾሙ ስሌት ይቀልላቸዋል። የሚቸግራቸው ምግቡ ነው። እዚያ የሚሸጠው ጣፋጭ በቆሎ ፍሬው ለስላሳና ውሃማ በመሆኑ ለቅቅል እንጂ እንደ አገራችን በቆሎ ለረጅም ጥብስ አይሆንም፤ በከሰል ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። በጥቅምት ወር በየሱቁ በር የሚደረደረው ትልቁ ብርቱካናማ ዱባም ለሃሎዊን ለመቅረጽ የሚሸጥ ስለሆነ ለወጥ ሲደረግ ጣዕሙ የሳሳ ነው፤ በተርነት የሚባለው ሞላላው ዱባ ከአገር ቤቱ ዱባ ወጥ ጋር ይቀራረባል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት ከሚመጡት የመጸው ጨዋታ ውስጥ በባልዲ ውሃ የተንሳፈፈ ፖም በጥርስ ማውጣት አንዱ ነው፤ ሁሉም በአንድ ውሃ ውስጥ አፉን ስለሚነክር ሎሚ በማንኪያውን እመርጣለሁ። ገበጣውን ግን እዚያ መሥራት ይቀላል፤ በተለይ በአሜሪካ የሱቁ የእንቁላል ካርቶን ራሱ አብዛኛውን ጊዜ 12 ጉድጓድ ያለው ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኩዌትና በኳታር ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይ ይለያል። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ፣ በተለይ በቤት ሠራተኝነት ያሉት ብዙዎቹ የሚያገኙት ዕረፍት ዓርብ ብቻ ስለሆነ፣ መሰባሰቡ በጾም ቀን ይውላል። ለእነርሱ ዶሮና ክትፎ ጨርሶ ጥያቄ ውስጥ ሳይገቡ፣ ንፍሮ፣ በሶ ጭብጦ፣ ሽሮና ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ለመሄድም ይመቻሉ፤ በአገልግል ባይሆን በላስቲክ ዕቃ። የሚገናኙበት ክፍል ጠባብ ስለሚሆንም ገበጣና እንቆቅልሽ በቂ ናቸው። የገበጣውን ባቄላ ሲሰበስቡ 48 መሆኑን መቁጠር አይርሱ፤ አንድ ከጎደለ ሕፃን ካለበት ቤት ፍለጋው የሚጀመረው ከምንጣፉ ሥር ሳይሆን ከሕፃኑ አፍ ነው፤ የተሟላው ደግሞ በደንብ ታጥቦ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና ለነገው ንፍሮ ይሆናል።